ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር ማንንም አያምንም

ሱሉልታ ላይ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ መብራት ረፋድ ላይ ሲመጣ በየቤቱ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ፍሪጁ ማጉረምረም ይጀምራል፣ ስልኮች ቻርጀር ላይ ይሰካሉ፣ ሳሎን ጥግ የተቀመጠው ዴስክቶፕም ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ዕድሜ የጠገበ ከሆነ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል "ሲሞስ ቼክሰም ኤረር" የሚል መልእክት ያወጣና ኤፍ 1 እስኪጫኑለት ይጠብቃል። የቤቱ ሰው ይጫናል፣ ዊንዶውስ ይከፈታል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። የልጅ የፈተና ውጤት ወይም የፓስፖርት ቀጠሮ ለማየት ብራውዘሩ ሲከፈት ግን በሚፈለገው ገጽ ፋንታ ቀይ ምልክትና ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሌላ ገጽ ቢሞከርም ያው ነው፤ ጉግልም፣ ፌስቡክም፣ የባንኩም ገጽ አይከፈትም። ይሄኔ ሰፈር ውስጥ ኮምፒውተር ያውቃል ለሚባለው ልጅ ይደወላል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ "ጋሼ፣ ችግር የለውም፤ አድቫንስድ የሚለውን ይጫኑና ከታች ፕሮሲድ ይበሉት።"

ምክሩ አንዳንዱ ገጽ ላይ ይሠራል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ "ፕሮሲድ" የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይገኝም። ቢሠራም ባይሠራም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ይኸው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት የእነዚህ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ነዋሪዎች ኮምፒውተር የሚከፍቱት ፊልም ለማየት ብቻ አይደለም። ፓስፖርት የሚያመለክቱት፣ ንግድ ፈቃድ የሚያድሱት፣ ግብር የሚያሳውቁት፣ በሰሞኑም ዲቪ የሚሞሉት በኢንተርኔት ነው። ልጁ የሰጠው ምክር የዕለቱን ጉዳይ ሊያስፈጽም ይችላል፤ የሚያስከትለው ልማድ ግን ከዕለቱ ጉዳይ የበለጠ ያስከፍላል። የደህንነት ማስጠንቀቂያን መዝለል የለመድነው ግድየለሾች ስለሆንን ሳይሆን ማስጠንቀቂያው አብዛኛውን ጊዜ ያለ አደጋ ስለሚመጣብን ነው። ያለ አደጋ የሚመጣበት ምክንያት ደግሞ በአብዛኛው እዚያው እኛው ጠረጴዛ ላይ ያለ፣ በጥቂት ደቂቃ የሚታረም ጉድለት ነው። ስለዚህ ለሰው "ማስጠንቀቂያውን አትዝለል" ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው በከንቱ እንዳይመጣ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያኔ እውነተኛው ሲመጣ ሰሚ ያገኛል።

ማስጠንቀቂያው ከየት እንደሚመጣ

ብራውዘር አንድን ድረ-ገጽ ሲከፍት ከማንኛውም መረጃ በፊት የገጹን ሰርተፍኬት ይጠይቃል። ሰርተፍኬት ከቀበሌ መታወቂያ ብዙም የራቀ ነገር አይደለም፤ የባለቤቱ ስም፣ የሰጠው አካል ማረጋገጫ፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ብራውዘሩም ሦስት ነገር ያጣራል። በሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም እኔ ከጻፍኩት አድራሻ ጋር አንድ ነው ወይ? የሰጠው ድርጅት በኮምፒውተሬ የታመኑ ሰጪዎች መዝገብ ውስጥ አለ ወይ? ዛሬ የተጻፈው ቀን ውስጥ ይውላል ወይ? ሦስቱም "አዎ" ከተባሉ ገጹ ይከፈታል፤ በእኛና በገጹ መካከል የሚያልፈውም መረጃ ተመስጥሮ መሐል ላይ ያለ ሰው እንዳያነበው ይሆናል። አንዱ እንኳ ከወደቀ ብራውዘሩ ይቆማል። ማስጠንቀቂያው ግን ሦስቱንም ውድቀት በተመሳሳይ አስፈሪ መልክ ስለሚያቀርበው ተጠቃሚው የትኛው እንደወደቀ ሳያይ ያልፋል። ከገጹ ግርጌ በትናንሽ ፊደል የተጻፈው ኮድ ግን ይለያቸዋል፤ "ዴት ኢንቫሊድ" ካለ ጉዳዩ የቀን ነው፣ "ኦቶሪቲ ኢንቫሊድ" ካለ የሰጪው፣ "ኮመን ኔም ኢንቫሊድ" ካለ የስም። ማንኛውም ጥገና መጀመር ያለበት ይህቺን መስመር ከማንበብ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ። ብራውዘሩ "ዛሬ ስንት ነው?" ብሎ የሚጠይቀው በዋናነት የራሱን ኮምፒውተር ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ከተሳሳተ በዓለም ላይ ያለ ትክክለኛ ሰርተፍኬት ሁሉ በእሱ ዓይን ወይ ገና አልተሰጠም ወይ ጊዜው አልፎበታል። የአንድ ቤት ኮምፒውተር በአንድ ጠዋት ጉግልንም፣ ባንኩንም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱንም አላምንም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁሉም በአንድ ሌሊት ተበላሽተው አይደለም፤ ፈታሹ ራሱ ቀኑን ስቶ ነው። ከዚህ አንድ ቀላል መለያ ይገኛል። የማይከፈተው አንድ ገጽ ብቻ ከሆነ ችግሩ የዚያ ገጽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሁሉም እምቢ ካሉ ግን መመርመር ያለበት የቤቱ ኮምፒውተር ወይም የተገናኘበት መስመር ነው። ሁለቱን ለመለየት ስልክ ይበቃል። የስልክ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከኔትወርኩ በራሱ ስለሚስተካከል፣ ያንኑ ገጽ በስልክ በራሱ ዳታ ከፍቶ ማየት ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ይሁን ከገጹ በአንድ ደቂቃ ይናገራል።

ሳንቲም የምታህል ባትሪ

ሰዓቱ ለምን ይሳሳታል? ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አለች፤ ስሟ "ሲአር 2032" ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት ጉልበት አላት። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ኃይል ባጣ ጊዜ ሰዓቱን ማስኬድ ነው። ዴስክቶፑ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራት እስካለ ድረስ፣ ቢጠፋም እንኳ ከመስመሩ በሚያገኛት ትንሽ ኃይል ሰዓቱ ይሄዳል፤ ባትሪዋም ታርፋለች። መብራት ሲሄድ ወይም ዲቫይደሩ ሲጠፋ ግን ሸክሙ በሙሉ እሷ ላይ ይወድቃል። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ሲል ዕቃ እንዳይቃጠል ሁሉም ነገር ከሶኬት በሚነቀልበት ሰፈር የምትውል ባትሪ መብራት ከማይጠፋበት አገር ካለች መሰሏ ቀድማ ማለቋ አይቀርም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የቤት ዴስክቶፖች ሌላ አገር ዓመታት አገልግለው የመጡ ያገለገሉ ዕቃዎች ናቸው፤ ባትሪዋም አብራ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ካለቀች በኋላ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሲመረት ወደተሰጠው ቀን ይመለሳል። ያ "ሲሞስ ቼክሰም ኤረር" የሚለው የመክፈቻ መልእክት ኤፍ 1 ተጭነው የሚያልፉት ነገር ሳይሆን ባትሪዋ መሞቷን የሚናገር ነው። መድኃኒቱም ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ ጎኑን መክፈት፣ የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ እንደሆነ ልብ ብሎ አሮጌዋን ማውጣትና አዲሷን መተካት ነው። ላፕቶፕ ላይ አንዳንዴ በሽቦ ተያይዛ ስለምትገኝ ለጥገና ባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ባትሪዋ ደህና ሆናም ቀኑ የሚሳሳትበት ሌላ መንገድ አለ፤ ይህኛው የራሳችን ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በጎርጎርዮሳዊው ዘመን አቆጣጠር ነው። ቀኑን በእጁ የሚያስተካክል ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ 2018 ብሎ ቢጽፍ ለኮምፒውተሩ የነገረው ከዛሬ 7 ወይም 8 ዓመት በፊት ያለውን ጊዜ ነው፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ስለሆነ። ወርና ቀኑም ይለያያሉ፤ የዓመቱ ስሕተት ግን ሁሉንም ያስረሳል። የሰዓት ልዩነትም አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ "2" ብሎ የጻፈ ሰው በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 6 ሰዓት ወደ ኋላ ሄዷል፤ በዚያ ላይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከተምታቱ ስሕተቱ ይሰፋል። የሰዓት ስሕተት ብቻውን ግን በአብዛኛው ሰርተፍኬት አያስጥልም፤ የሚያስጥለው የተሰጠበት ሰዓት ገና ያላለፈ አዲስ ሰርተፍኬት ሲያጋጥም ነው። የጊዜ ክልሉን ለመምረጥ ሲፈለግ ደግሞ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚባል አይገኝም፤ የእኛን ሰዓት የያዘው ሦስት ሰዓት የሚደመርበትና ናይሮቢ የሚለው መስመር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ያገኘውን ከተማ ይመርጥና የቀረውን በእጁ ለማካካስ ይሞክራል፤ ስሕተቱም እየተደራረበ ይሄዳል።

የሰባት ዓመቱ ስሕተት ገጾችን ሁሉ የሚዘጋበት ምክንያት በቁጥር ይታያል። ከመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብራውዘሮች የሚቀበሉት የድረ-ገጽ ሰርተፍኬት ዕድሜ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ እየሠራ ያለ ሰርተፍኬት ሁሉ የተሰጠው ባለፉት አሥራ ሦስት ወራት ገደማ ውስጥ ነው፤ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ለቀረ ኮምፒውተር አንዱም ገና አልተሰጠም። ይህ ወሰን ደግሞ እየጠበበ ነው። ሰርተፍኬት ሰጪዎችና ብራውዘር ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 በተስማሙት መሠረት ከፍተኛው ዕድሜ ከመጋቢት 2026 ጀምሮ 200 ቀን፣ ከመጋቢት 2027 ጀምሮ 100 ቀን፣ ከመጋቢት 2029 ጀምሮ 47 ቀን ይሆናል። ትናንት አንድ ወር የተዛባ ሰዓት ብዙ ገጽ ላይ ሳይታወቅ ያልፍ ነበር፤ በሦስትና አራት ዓመት ውስጥ ያው አንድ ወር በርካታ ገጾችን ለመዝጋት ይበቃል። ያን ጊዜ ሰዓቱን ችላ ያለ ቤት ማስጠንቀቂያውን የሚያየው አልፎ አልፎ ሳይሆን በየዕለቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት በራሱ ያስተካክል የለ እንዴ? ያስተካክላል፤ ግን ልኩ አለው። በነባሪ ቅንብሩ የቤት ኮምፒውተር ሰዓት ከ15 ሰዓት በላይ ከተዛባ የዊንዶውስ ሰዓት አስተካካይ እርማቱን እምቢ ሊል ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከውጭ የመጣ መልእክት ቀኑን በዓመታት እንዲያዛውር ከተፈቀደ ክፉ ሰው በዚያው መንገድ ኮምፒውተሩን ማታለል ይችላል። በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ይህ እምቢታ ቀኑ ስለማይመሳሰል ለደህንነት ሲባል ማስተካከል እንደማይቻል በሚገልጽ መልእክት ይታያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በእጅ ማቅረብ፣ ከዚያ የጊዜ ክልሉን ናይሮቢ ማድረግ፣ ከዚያ "ሲንክ ናው" የሚለውን መጫን። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ እንደገና ከተመለሰ ጥፋቱ የባትሪዋ ነው። ቀኑ ሲታረም ሌላም ነገር ይስተካከላል፤ የዊንዶውስ አፕዴትና አንቲቫይረሱ ራሳቸው በሰርተፍኬት ስለሚሠሩ ሰዓቱ በተዛባ ጊዜ አብረው ይቆማሉ፤ ሰዓቱ ሲታረም አብረው ይነሣሉ።

ያረጀ መዝገብ፣ መሐል የገባ ፕሮግራም

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሄዳለን፤ ሰጪው በታመኑት መዝገብ ውስጥ አለ ወይ ወደሚለው። ይህ መዝገብ ከዊንዶውስ ወይም ከራሱ ከብራውዘሩ ጋር የሚመጣ ነው፤ በየጊዜው አዳዲስ ሰጪዎች ይገቡበታል፣ አሮጌዎቹ ይወጡበታል። መዝገቡ የሚታደሰው በአፕዴት በኩል ነው። የኢንተርኔት ፓኬጅ እንዳያልቅ ተብሎ አፕዴት የተዘጋበት፣ ፍቃድ በሌለው ዊንዶውስ ከፍላሽ ፎርማት ተደርጎ እንደዚያው የቀረ ኮምፒውተር መዝገቡ ከተጫነበት ቀን አያልፍም። ይህ ምን እንደሚያመጣ ዓለም እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 በግልጽ አይቷል። ሰርተፍኬት በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ሲመሠረት የተደገፈበት አሮጌ ዋና ሰርተፍኬት በዚያ ቀን አበቃ፤ አዲሱን የማያውቁ አሮጌ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ትናንት ይከፍቱት የነበረውን ገጽ በማግስቱ መክፈት አቃታቸው። ገጹ አልተነካም፤ ያረጀው የተጠቃሚው መዝገብ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ደግሞ በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ክሮምም ከስሪት 109 በኋላ ዊንዶውስ 7 ላይ አይሄድም። አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ግን ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ፋየርፎክስ የታመኑ ሰጪዎችን መዝገብ ይዞ የሚመጣው ከዊንዶውስ ሳይሆን ከራሱ ጋር ስለሆነ፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያረጀ ብራውዘር እምቢ ያለውን ትክክለኛ ገጽ ሊከፍት ይችላል። ኮምፒውተሩ ከቻለም ቀላል የሊኑክስ ስርዓት መጫን መዝገቡን አዲስ አድርጎ ያቆየዋል።

ሰጪው የማይታወቅ ሆኖ የሚገኝበት ሌላ ምክንያት ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ራሱን መሐል ያስገባ ፕሮግራም ነው። አንዳንድ አንቲቫይረሶች ተመስጥሮ የሚያልፈውን መረጃ ለመፈተሽ ሲሉ የገጹን ሰርተፍኬት በራሳቸው ይተካሉ፤ ፕሮግራሙ ሲያረጅ ወይም በግማሽ ሲራገፍ ተክተውት የሄዱት ሰርተፍኬት ስሕተት ያስከትላል። ይህን ማወቅ አያስቸግርም፤ አድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ተጭኖ ሰርተፍኬቱን ሲከፍቱ "የሰጠው" በሚለው ቦታ ከታወቀ ሰጪ ይልቅ የአንቲቫይረሱ ስም ይገኛል። የኢንተርኔት ካፌ ወይም የሆቴል ዋይፋይም ተጠቃሚውን መጀመሪያ ወደ ራሱ መግቢያ ገጽ ለመውሰድ ሲሞክር ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ያመጣል፤ መግቢያው ሲጠናቀቅ ይጠፋል። ሁሉም መሐል ገብ ግን ጉዳት የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሌኖቮ ጉዳይ ለዚህ ይበቃል። ኩባንያው በላፕቶፖቹ ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ ማስታወቂያ የሚያስገባ ፕሮግራም ጭኖ ይሸጥ ነበር፤ ፕሮግራሙ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ያስገባው ዋና ሰርተፍኬት አንድ ዓይነት በመሆኑ ቁልፉን ያገኘ ማንም ሰው የማንኛውንም ገጽ ሐሰተኛ ሰርተፍኬት ሊሠራበት ይችል ነበር። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የቀድሞ ባለቤቱን ፕሮግራም ሁሉ ይዞ ከመቀጠል በንጹሕ ዊንዶውስ እንዲጀምር የሚመከረው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

"ምን የሚሰረቅ አለኝ?"

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ አንድ አቅጣጫ ያሳያል፤ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ አጥፊው ብዙ ጊዜ ሌባ አይደለም። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የጉግል ባለሙያዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከክሮም ተጠቃሚዎች የመጡ ከ300 ሚሊዮን በላይ የሰርተፍኬት ስሕተቶችን መርምሮ ነበር። ምንጫቸው ከታወቀው መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመጡት ከገጹ ሳይሆን ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ወይም ከተገናኘበት ኔትወርክ እንደነበር ተገኘ። የተሳሳተ ሰዓት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር፤ ክሮም ዛሬ አንዳንዴ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ በቀጥታ የሚናገረውም ከዚያ ዓይነት ሥራ የተነሣ ነው። ጥናቱ ዓለም አቀፍ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኮምፒውተሩ በሚያረጅበትና ሁለት ካላንደር ጎን ለጎን በሚሄድበት አገር የእኛው ድርሻ ከዚያ ያንሳል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ከእሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የክሮም ተጠቃሚዎች ከሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያዎች ውስጥ 70 በመቶውን ዘልለው ሲያልፉ የፋየርፎክስ ተጠቃሚዎች የዘለሉት 33 በመቶውን ብቻ እንደነበር አሳይቷል። የአንዱ ብራውዘር ተጠቃሚ ከሌላው በእጥፍ ግድየለሽ ሊሆን አይችልም፤ ልዩነቱ በአመዛኙ ማስጠንቀቂያው ከቀረበበት መንገድ የመጣ ነው። የመዝለል ልማድ ከሰው ባሕርይ ብቻ ሳይሆን ከሁኔታውም ይወለዳል፤ ሁኔታው ሲስተካከልም ይቀንሳል።

ታዲያ አብዛኛው ማስጠንቀቂያ ከንቱ ከሆነ መዝለሉ ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። "የእኔን መረጃ ማን ይፈልገዋል? ውጤት ብቻ ነው የማየው" የሚለውም መልስ የተለመደ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ከኢራን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲጂኖታር የተባለ የኔዘርላንድ ሰርተፍኬት ሰጪ ድርጅት ተጠለፈ፤ ጠላፊው የጉግልን ጨምሮ ከ500 በላይ ሐሰተኛ ሰርተፍኬቶች አወጣ። በእነሱም ኢራን ውስጥ ያሉ የጂሜይል ተጠቃሚዎች ግንኙነት መሐል ላይ ሲነበብ ቆየ፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ የተጎዱትን ወደ 300,000 የሚጠጉ የኢንተርኔት አድራሻዎች ብሎ ገምቷል። ነገሩ በአደባባይ የወጣው አንድ ተራ ተጠቃሚ ጂሜይል ሲከፍት ክሮም ያወጣበትን ማስጠንቀቂያ ከመዝለል ይልቅ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ስለጠየቀ ነው። ድርጅቱ በአንድ ወር ውስጥ ከሠረ። ያ ሰው "ምን የሚሰረቅ አለኝ" ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ጥቃቱ ሳይታወቅ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝም ነበር። የእኛስ ጉዳይ? ፓስፖርት የሚያመለክት ሰው ሙሉ ስሙን፣ ፎቶውን፣ የልደት ቀኑንና ስልኩን ያስገባል፤ ዲቪ የሚሞላም እንዲሁ፤ ግብር የሚያሳውቅ ነጋዴ የንግዱን ሒሳብ ይልካል። ይህ ሁሉ ለሌባ ገንዘብ ነው፤ የሰረቀው ሰውም ዛሬ ባይጠቀምበት ነገ በባለቤቱ ስም ይበደርበታል ወይ ሌላውን ያጭበረብርበታል።

ከሌላ ወገን የሚመጣ ተቃውሞም አለ፦ ቁልፍ ምልክት ያለበት ገጽም አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ሰርተፍኬት ምን ይጠቅማል? የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው። ሰርተፍኬት የሚያረጋግጠው የአድራሻውን ባለቤትነት እንጂ የባለቤቱን ቅንነት አይደለም፤ የፓስፖርት ወይም የዲቪ ገጽ መስሎ የተሠራ አስመሳይ አድራሻም የራሱን ትክክለኛ ሰርተፍኬት ማግኘት ይችላል። ክሮም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የቁልፍ ምልክቱን ያነሳው ሰው "ቁልፍ ካለ ይታመናል" ብሎ ስለተሳሳተ ነው። ይህ ግን ሰርተፍኬትን ከንቱ አያደርገውም፤ ሥራውን በልኩ ያስቀምጠዋል እንጂ። ሰርተፍኬት መሐል ላይ የቆመን ሌባ ያስቆማል፤ በአስመሳይ አድራሻ የሚመጣውን ሌባ ደግሞ አድራሻውን ፊደል በፊደል ማንበብ ያስቆመዋል። ሁለት ሌባ ባለበት የሚጠቅመው ሁለቱንም በር መዝጋት ነው። አንዳንድ ገጾችም፣ ጉግልና ብዙ ባንኮች ከነሱ መካከል፣ ብራውዘሩ በማስጠንቀቂያ ላይ "ፕሮሲድ" የሚለውን ጨርሶ እንዳያሳይ አስቀድመው ያዛሉ። ይህን ገጽ ያየ ሰው ብራውዘሩ ተበላሸ ብሎ ሌላ ብራውዘር ማውረድ የለበትም፤ እዚያ ላይ ማለፊያ እንዳይኖር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

የተቋማት ድርሻ

ከሁሉም ተቃውሞ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ "እኔ ሰዓቴን ባስተካክል ምን ዋጋ አለው? የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ራሱ ሰርተፍኬቱ አልፎበታል።" ይህ እውነት በሚሆንበት ጊዜ ጥፋቱ የተጠቃሚው አይደለም፤ ሊሸከመውም አይገባም። ተቋም አገልግሎቱን በኢንተርኔት ብቻ አድርጎ ሰርተፍኬቱን ሳያድስ ሲቀር ሕዝቡን ማስጠንቀቂያ መዝለል እያስተማረ ነው፤ አገልግሎቱን ሊያገኝ የሚችልበት ሌላ መንገድ የለውምና። ሰበብም የለም። ሌትስ ኢንክሪፕት እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሰርተፍኬት በነጻ ይሰጣል፤ እድሳቱም ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲያከናውነው ተደርጎ የተሠራ ነው። አገሪቱም ጉዳዩን የምታውቀው በሕግ ጭምር ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ስለ ሰርተፍኬት ሰጪዎች ደንግጎ ዋና ሰጪነቱን ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሰጥቷል። የሰርተፍኬት ዕድሜ ወደ 47 ቀን ሲወርድ በሰው እጅ እያስታወሱ ማደስ የማይቻል ይሆናል፤ አውቶማቲክ ያላደረገ ተቋም ገጹ በየወሩና በየሁለት ወሩ መዘጋቱ አይቀርም። እስከዚያው ለተጠቃሚው የሚሆነው ደንብ አጭር ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ገጽ ላይ ማስታወቂያ ማንበብ ከተገደደ ያንብብ፤ ፓስወርድ፣ መታወቂያ ቁጥርና የባንክ መረጃ ግን አያስገባ። ስልክ ይደውል ወይም ቅርንጫፍ ይሂድ፤ ጉዳዩንም ያስታውቅ።

የቀረው ጥያቄ ይህን ማን ይሠራል የሚለው ነው። ሰበታ ዓለም ገና ላይም ሆነ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ ዲቪ የሚሞላውና ዊንዶውስ የሚጭነው ሰው በቀን ብዙ ቤት ያገለግላል፤ ሰው የሚያምነውም እሱን ነው። ፎርማት ሲያደርግ አፕዴትን ሳይዘጋ የሚያስረክብ፣ ዓመቱን በፈረንጆቹ ካላንደር፣ የጊዜ ክልሉንም በናይሮቢ መስመር የሚያስተካክል፣ ባትሪዋን ከፍቶ የሚያይ፣ ደንበኛው "ፕሮሲድ ልበለው?" ሲለው በመጀመሪያ ኮዱን አንብቡልኝ የሚል ባለሙያ ከማንኛውም የማስታወቂያ ዘመቻ ይበልጣል። ይህ ከእሱ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃና አንድ ባትሪ ነው፤ ለተጨማሪው ሥራ ማስከፈልም ይችላል፣ ደንበኛውም ሊከፍለው ይገባል። ቤቶች የራሳቸውን ሰዓት ካረሙና ተቋማት ሰርተፍኬታቸውን በራሱ እንዲታደስ ካደረጉ ማስጠንቀቂያው አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ነገር ይሆናል። ያኔ የሚታየው ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው እውነተኛው ነው፤ ያየው ሰውም ለመዝለል ሳይሆን ለመጠየቅ ይቆማል።